ካድ ፋይል በኮማንድ ማውጣት፦ ለፕሪንት ቤት፣ ለኢንጂነር፣ ለላሜራ ቆራጭ

ፋይል ከመላኬ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማን ነው የሚከፍተው? ፕሪንት ቤት ያለው ልጅ? ስትራክቸራል ኢንጂነሩ? ወይስ ላሜራ የሚቆርጠው ሰውዬ? ሦስቱም ደውለው «ካዱን ላኪልኝ» ነው የሚሉት። የሚፈልጉት ግን ለየቅል ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የሚያትመው ነገር ይፈልጋል። አንዱ ነገ ከላዩ ላይ የሚሠራበት ሥዕል ይፈልጋል። ሦስተኛው ማሽኑ የሚከተለው መስመር ብቻ ይበቃዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ ድራፍቲንግ እሠራለሁ። መሳል ሁሉም ይወዳል፤ አውጥቶ መላክ ማንም አይወድም። ስለዚህ ሥራው እየተንከባለለ እኔ ጋ መጣ። እኔም አውቶካድ በሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ላይ መስኮት እየከፈቱ መምረጡን ትቼ በኮማንድ፣ ማለትም በሚጻፍ ትዕዛዝ መሥራት ጀመርኩ። የፕሎት፣ ማለትም የማተሚያ መስኮቱን ታውቁታላችሁ። ምርጫው ብዙ ነው፤ ትናንት ሌላ ሰው የነካካውም ዛሬ እዚያው ይጠብቃችኋል። ኮማንድ ግን ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል። ለልምምድ የመጣችው ልጅ ብትጽፈው፣ እኔ ብጽፈው፣ ኢንጂነሩ ራሱ ቢጽፈው የሚወጣው ፋይል ያው ነው። የምወደው ለዚህ ነው። ፍጥነቱ ምርቃት ነው።

ኮማንዶቹን እዚህ ቢሮ ውስጥ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኪቦርድ ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ነው። መጻፍ ስትጀምሩ አውቶካድ ራሱ ስለሚጠቁማችሁ አትቸገሩም።

ሁለት ምልክቶችን መጀመሪያ ያዙ። ከኮማንዱ ፊት ሰረዝ ስታስገቡ «መስኮት አትክፈት፣ ጥያቄህን በጽሑፍ ጠይቀኝ» ማለት ነው። ፕሎት ብትሉ መስኮት ይመጣል፤ -ፕሎት ብትሉ ግን ታች ባለው የኮማንድ መስመር ላይ አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል። ሁለተኛው ከሥር የሚሰመረው ሰረዝ ነው። እሱ የሚያስፈልገው የሌላ ቋንቋ አውቶካድ ላይ ነው። ጀርመን ካለ ቢሮ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ኮማንዱን በእሱ ጀምሩት፤ የእንግሊዝኛው ስም እዚያም ይሠራል።

ሰረዝ የማይቀበሉ ኮማንዶችም አሉ። ሴቭአዝ እና ዲኤክስኤፍአውት የፋይል መምረጫ መስኮት ይከፍታሉ። እነሱን ዝም ለማሰኘት ፋይልዲያ ብላችሁ 0 ስጡት። ከዚያ በኋላ የፋይል ስም በጽሑፍ ነው የሚጠየቀው። ሥራችሁን ስትጨርሱ ወደ 1 መልሱት። ካልመለሳችሁት በማግሥቱ የመጣ ሰው ኦፕን ሲል መስኮት አይመጣለትም፣ አውቶካድ ተበላሽቷል ብሎ ሊያራግፈው ይነሳል። እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት ስም ሲጠይቃችሁ ~ ጻፉ፤ መስኮቱ ለዚያች ጊዜ ብቻ ይከፈታል። የጥያቄዎቹን ሙሉ ዝርዝር ለማየት ደግሞ ኤፍ2 ተጫኑ። እዚያ የወጣውን ኮፒ ማድረግ ይቻላል፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ከዚያ ጽዳት። ጤፍ ሳይነፋ ወፍጮ ቤት አይላክም። -ፐርጅ በሉ፣ ምን ይጽዳ ሲላችሁ ኤ፣ ስም ሲጠይቅ *፣ «አንድ በአንድ ላረጋግጥ ወይ» ሲል ኤን፣ ማለትም አይ። ይህ ጥቅም ላይ ያልዋሉ ብሎኮችን (በአንድ ስም የታሰሩ ሥዕሎችን)፣ ሌየሮችን (ሥዕሉ የሚከፋፈልባቸውን ንብርብሮች) እና የጽሑፍ ስታይሎችን ያወጣል። አንዱ ብሎክ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ሌላው ደግሞ ሥራ ፈት ሊሆን ስለሚችል እደግመዋለሁ። ከዚያ እንደገና -ፐርጅ፣ አሁን ግን በኤ ፋንታ አር። አር የሚያወጣው ሬጅአፕ የሚባለውን በዓይን የማይታይ ቆሻሻ ነው። ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የኖረ ፋይል፣ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ይዞ ለመክፈት የሚያንገራግረው ብዙ ጊዜ በእሱ ምክንያት ነው። መጨረሻ ላይ ኦዲት፣ ስህተት ይታረም ወይ ሲል ዋይ፣ ማለትም አዎ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ፋይሉ አልቀንስ ካለ የምጠቀምበት ዘዴ አለ። -ደብሊውብሎክ፣ አዲስ ስም፣ ከዚያ የብሎክ ስም ሲጠይቅ *። ሥዕሉን በሙሉ ያልተጠቀማችሁበትን ጥሎ ወደ አዲስ ፋይል ይጽፈዋል። ዋናው ፋይል አይነካም።

ለፕሪንት ቤት ፒዲኤፍ ብቻ ነው የምልከው። ካድ ፋይል ፕሪንት ቤት መላክ ለጸብ ነው። እዚያ ያለው አውቶካድ የእናንተ ፎንት የለውም፤ የእናንተ ፕሎት ስታይልም (መስመሩ በምን ቀለምና ውፍረት እንደሚታተም የሚወስነው ፋይል) የለውም። ግድግዳው በቀይ ቀጭን መስመር ታትሞ ይመጣና «ያላችሁትን ነው ያተምኩት» ትባላላችሁ።

-ፕሎት ስትሉ መጀመሪያ በዝርዝር ልጠይቅ ወይ ይላችኋል። ዋይ። ቀጥሎ የሌይአውቱን፣ ማለትም ለሕትመት የተዘጋጀውን ገጽ ስም ይጠይቃል፤ የተከፈተው እሱ ራሱ ከሆነ ኤንተር ይበቃል። ማተሚያው፦ ዲደብሊውጂ ቱ ፒዲኤፍ፣ ከነ ነጥብ ፒሲ3 ቅጥያው። የወረቀቱ መጠን ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ኤ1 ብሎ መጻፍ አይሰማም። ስሙ ፊደል በፊደል፣ ከነ ቅንፉና ከነ ነጥቡ መግባት አለበት፤ «አይኤስኦ ፉል ብሊድ ኤ1» ብሎ ቀጥሎ በቅንፍ 841.00 በ594.00 ሚሊ ሜትር የሚለው ነው። እሱን በቃል የሚይዝ የለም። ? ስጡት፣ ዝርዝሩን ያወጣዋል፤ ከኤፍ2 መስኮት ኮፒ አድርጉና ለጥፉ። ፉል ብሊድ የሚለውን የምመርጠው ፕሮግራሙ በወረቀቱ ዳር ትርፍ ነጭ እንዳይተውብኝ ነው። የሥዕሉ ክፈፍ ዳር ላይ ሲቆረጥ ያየ ሰው ይገባዋል።

ከዚያ ጥያቄዎቹ ይፈጥናሉ። የወረቀት መለኪያ ሚሊ ሜትር፣ አቅጣጫ ኤል ማለትም አግድም፣ ተገልብጦ ይታተም ወይ ኤን። የሚታተመው ክፍል ሌይአውት፤ ስኬሉ 1=1። ኦፍሴት 0,0። በፕሎት ስታይል ይታተም ወይ ዋይ፣ የትኛው ሲል ሞኖክሮም ነጥብ ሲቲቢ። የመስመር ውፍረት ይጠበቅ ወይ ዋይ። ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ፣ ማለትም ውፍረቱ ከስኬሉ ጋር ይቀየር ወይ፣ የወረቀቱ ክፍል ይቅደም ወይ፣ ይደበቅ ወይ የሚሉት ሁሉም ኤን ናቸው። የፋይል ስም። የገጹ አቀማመጥ ይቀመጥ ወይ ኤን። ይታተም ወይ ዋይ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩት ይረዝማል። ፔጅ ሴትአፑን፣ ማለትም እነዚህን የሕትመት ምርጫዎች በአንድ ስም አስተካክላችሁ ካስቀመጣችሁ ግን አጭር መንገድ አለ። በዝርዝር ልጠይቅ ወይ ሲል ኤን በሉት፤ የሌይአውቱን ስም፣ የፔጅ ሴትአፑን ስም፣ ማተሚያውንና የፋይሉን ስም ጠይቆ ያወጣላችኋል። እኔ ለራሳችን ፋይሎች አጭሩን ነው የምጠቀመው። ከውጭ ለመጣ ፋይል ግን ረጅሙን፣ ምክንያቱም ሰው ያስቀመጠው ፔጅ ሴትአፕ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም።

ከሌይአውት ሳይሆን ከሞዴል፣ ማለትም ሥዕሉ ከሚሳልበት ቦታ በቀጥታ የምታትሙ ከሆነ ስኬሉ ላይ ቆም በሉ። ጥያቄው «ስንት ሚሊ ሜትር ወረቀት፣ ስንት የሥዕል አሃድ» ነው። በሚሊ ሜትር ለሳለ ሰው 1 ለ100 ማለት 1=100 ነው። በሜትር ለሳለ ግን 10=1፤ አንድ ሜትር ወረቀቱ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናልና። በሴንቲ ሜትር ለሳለ 1=10። እዚህ አገር ሦስቱም ዓይነት ሥዕል ይገጥማችኋል፣ አንዳንዴ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ። ከመገመታችሁ በፊት ርቀት በሚለካው ኮማንድ፣ በዲስት፣ አንድ በር ለኩ። 0.9 ካለ ሜትር ነው፣ 90 ካለ ሴንቲ፣ 900 ካለ ሚሊ።

የአማርኛው ጽሑፍ ለብቻው ይነገርለት። አውቶካድ ይዟቸው የሚመጣው ኤስኤችኤክስ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ስለዚህ ለታይትል ብሎኩ (የሥዕሉ ስም ለሚጻፍበት ሳጥን) አማርኛ የዊንዶውስ ፎንት ያስፈልጋል፤ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ይሠራል። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ከደረሳችሁ ተጠንቀቁ። ያ ዩኒኮድ አይደለም። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ «የመሬት ወለል ፕላን» የነበረው የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ ፒዲኤፉ ላይ ነው። የፕሎት መስኮቱን አንድ ጊዜ ከፍታችሁ የፒዲኤፍ አማራጮች ውስጥ ጽሑፍን ሁሉ ወደ ቅርጽ ቀይር የምትለዋን ምልክት አድርጉባትና ከማተሚያው ፋይል ጋር አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ፊደል መሆኑ ቀርቶ መስመር ይሆናል፤ የትም ቢከፈት አይበላሽም። ጉዳቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ቃል መፈለግ አለመቻሉ ነው። ለሕትመት ማን ይፈልጋል?

ፒዲኤፉ ሲከፈት በየጽሑፉ ላይ የማስታወሻ ሳጥን ካስቸገራችሁ ፒዲኤፍኤስኤችኤክስ የሚባለውን 0 አድርጉት። ሥዕሉ ላይ የሚታይ ነገር ወረቀቱ ላይ ከጠፋ ደግሞ ሌየሩን ተመልከቱ። ዴፍፖይንትስ የሚባለው ሌየር ላይ ያለ ነገር ምንም ብታደርጉት አይታተምም። ስንት ሰው ስንት ሰዓት እንዳቃጠለበት።

አንድ ቅሬታ አለኝ። አንድ ፕሪንት ቤት በትክክለኛ ስኬል የላክሁትን ፒዲኤፍ «ወረቀቱ ላይ እንዲገባ» ብሎ አሳንሶ አተመው። 1 ለ100 የተባለው ሥዕል 1 ለ100 አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ታይትል ብሎኩ አጠገብ የተሳለ የስኬል መስመር አደርጋለሁ። 5 ሜትር የሚለው በማስመሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ካልመጣ ወረቀቱን አልቀበልም። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ለኩ።

ኢንጂነሩ የሚፈልገው ሌላ ነው። እሱ ሥዕሉን ከፍቶ አምድና ምሰሶ ያስገባበታል። ስለዚህ የሚሄድለት የአውቶካድ የራሱ ፋይል፣ ዲደብሊውጂ ነው፤ ጥያቄው የየትኛው ዘመን የሚለው ብቻ ነው። የ2018ቱ ፎርማት በ2013 አውቶካድ አይከፈትም። ፋይልዲያ 0 ላይ እያለ ሴቭአዝ በሉ፤ ፎርማት ሲጠይቅ 2010 ወይም 2013 ጻፉ፣ ከዚያ አዲስ ስም። አዲስ ስም ያልኩት በምክንያት ነው። በዋናው ፋይል ላይ ደርባችሁ አታስቀምጡ። የደረሳችሁ ፋይል የትኛው ዘመን እንደሆነ ለማወቅ አውቶካድ እንኳን አያስፈልግም። በኖትፓድ ክፈቱት፤ ዝብርቅርቅ ነገር ይመጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ምልክቶች ብቻ አንብቡ። ኤሲ1032 ካለ የ2018 ፎርማት ነው። ኤሲ1027 የ2013፣ ኤሲ1024 የ2010፣ ኤሲ1021 የ2007።

ኤክስሬፍ፣ ማለትም ከሌላ ፋይል ተጠርቶ የሚታይ ሥዕል ያለበትን ፋይል ብቻውን መላክ ባዶ ፖስታ መላክ ነው። ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው ማጣበቅ ነው፦ -ኤክስሬፍ፣ ቢ፣ *። ከዚያ በፊት ባይንድታይፕን ተመልከቱ። 0 ከሆነ የሌየሮቹ ስም መሀል ላይ $0$ እየገባበት ይረዝማል፤ 1 ከሆነ ግን ስማቸው አንድ የሆኑ ሌየሮች ይቀላቀላሉ። ኢንጂነሮች ሁለተኛውን ይወዳሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ የትኛው መስመር ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ስለሚያሳይ። ሁለተኛው መንገድ ኢትራንስሚት ነው። ሥዕሉን፣ ኤክስሬፎቹን፣ ምስሎቹንና ፕሎት ስታይሉን በአንድ ዚፕ ይጠቀልላል። ፎንት ግን ካላዘዛችሁት አይጨምርም፤ ሴትአፑ ውስጥ ፎንት ይካተት የምትለዋን አንድ ጊዜ ምረጧት።

ዚፑን ከመላካችሁ በፊት ውስጡን እዩ። አካድ ነጥብ ኤልኤስፒ ወይም አካድዶክ ነጥብ ኤልኤስፒ የሚል ፋይል ካለና እናንተ ካልጻፋችሁት አጥፉት። የካድ ቫይረስ በፍላሽና በዚፕ ከቢሮ ቢሮ የሚዞረው በዚህ ስም ነው። ሥዕል ያለበት ፎልደር ውስጥ ይቀመጥና ሥዕሉ ሲከፈት አብሮ ይነሳል።

ከሰርቬየር የመጣ ፋይልም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ በሲቪል 3ዲ ነው የሚሠሩት። የእሱ ኮንቱር (የመሬት ከፍታ መስመር) ተራ አውቶካድ ላይ ሲከፈት ወይ የማይነካ ነገር ይሆናል፣ ወይ ባዶ ሳጥን። ይህን ማስተካከል የሚችለው ላኪው ነው። «ወንድሜ፣ ኤክስፖርትቱአውቶካድ በለውና የወጣውን ላክልኝ» እለዋለሁ። ያ ኮማንድ የሲቪል ዕቃውን ተራ መስመርና ፖሊላይን (የተያያዘ መስመር) አድርጎ አዲስ ፋይል ይጽፋል። ሌላው ነገር ቦታው ነው። የአዲስ አበባ ይዞታ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ ዞን 37 ውስጥ ስለሚቀመጥ ሥዕሉ ከዜሮ በጣም የራቀ ነው፤ በሜትር ሲነበብ ወደ ምሥራቅ 470 ሺህ፣ ወደ ሰሜን 990 ሺህ ገደማ። ለእይታ አይመችም ብላችሁ ወደ 0,0 እንዳታመጡት። ያ ቁጥር የመሬቱ አድራሻ ነው። ለቅየሳ የሚመለስ ፋይል ካለበት ቦታ አይነቃነቅም።

ለላሜራ ቆራጭ ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ የግድ ወደ ዜሮ ይመጣል። የግቢ በር ላይ ሐረግ፣ መስቀል ወይም ስም በፕላዝማ ማስቆረጥ አሁን የተለመደ ነው። ይህ ሥራ ከሁሉም ይበልጥ ጽዳት ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ድርብ መስመር ቢኖር ማንም አያየውም። ማሽኑ ግን የተሰጠውን ሁሉ ይቆርጣል። ሁለት መስመር ተደራርቦ ከሆነ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ይሄድበታል፤ ላሜራው ይቃጠላል።

የምከተለው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። የመጠን ቁጥሮች፣ ማብራሪያ ጽሑፍና ሃች (ቅርጽ የሚሞላው ሰረዛ ሰረዝ) ይጠፋሉ። የሚቆረጠው ብቻ አንድ ሌየር ላይ ይቀራል። የሚቆረጠው ጽሑፍ በኤክስፕረስ ቱልስ ውስጥ ባለው ቲኤክስቲኤክስፒ ይፈታል፤ ፊደሉ ዙሪያው ብቻ የቀረ ፖሊላይን ይሆናል። የአማርኛ ፊደል እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል። መ፣ ወ፣ ዐ፣ ቀ ዓይን አላቸው። ላሜራ ላይ ሲቆረጡ የዓይኑ ውስጥ ብረት የሚይዘው ስለሌለ ወድቆ ይቀራል፤ ዐ የነበረው ተራ ክብ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ በትሪም ዓይኑን ከውጭው ብረት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ድልድይ እተውለታለሁ። ስፋቱን የሚወስነው የላሜራው ውፍረት ስለሆነ ቆራጩን ጠይቁት።

ስፕላይን (ልስልስ ኩርባ) ካለ ወደ ፖሊላይን ይቀየር። ፕላይንኮንቨርትሞድን 1 አድርጉት፤ ቅስቱ በቅስት ይተካል። 0 ከሆነ ግን በትናንሽ ቀጥታ ቁርጥራጮች ነው የሚተካው፣ ሐረጉም የተጠረበ ይመስላል። ከዚያ ፔዲት፣ ኤም፣ ሁሉንም መርጣችሁ ጄ ብላችሁ አያይዟቸው። ያልተዘጋ ቅርጽ ተቆርጦ አይወጣም። -ኦቨርኪል፣ ሁሉንም ምረጡ፣ ኤንተር፣ ኤንተር፤ ድርቡ ይጠፋል።

አሁን መለኪያው። ብዙ የመቁረጫ ፕሮግራም የሚመጣለትን ቁጥር ሚሊ ሜትር ነው ብሎ ይወስዳል። በሜትር የሳላችሁት የ3.6 ሜትር በር እዚያ ሲከፈት ከጥፍር ያነሰ ነው። ስኬል፣ ሁሉንም፣ መነሻ 0,0፣ ቁጥር 1000። በሴንቲ ከሆነ 10። ቀጥሎ -ደብሊውብሎክ፤ የብሎክ ስም ሲጠይቅ ባዶ ኤንተር፣ መነሻ ነጥብ ሲል የበሩን የታች ግራ ጥግ ንኩ። በአዲሱ ፋይል ያ ጥግ 0,0 ይሆናል። የመረጣችሁት ከሥዕሉ ከጠፋባችሁ አትደንግጡ፣ ኡፕስ ብላችሁ መልሱት።

አዲሱን ፋይል ክፈቱና ዲኤክስኤፍአውት። ስም ስጡት፣ ቀጥሎ ቪ፣ ከዚያ አር12። ለትክክለኛነት ቁጥሩ ኤንተር። ዲኤክስኤፍ አውቶካድ ራሱ ብቅ ካለበት ከ1982 ጀምሮ ያለ የሥዕል መለዋወጫ ፎርማት ነው። አር12 ደግሞ የ1992 ነው። ይህን ያህል ያረጀ ነገር የምንልከው ማሽኖቹ የሚግባቡበት ስለሆነ ነው፤ ጥቂት ዓይነት ዕቃ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ የሚሳሳትበት ነገርም ጥቂት ነው። ስፕላይንና ኤሊፕስ አያውቅም፤ እናንተ ካልቀየራችሁት ራሱ በፈለገው መንገድ ይሰባብረዋል። ቀድመን የቀየርነው ለዚህ ነው። መለኪያው ሚሊ ይሁን ሜትርም አይጽፍም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ፋይሉን ስልክ ሁልጊዜ ከሥሩ «ጠቅላላ ስፋት 3600 ሚሊ ሜትር» ብዬ እጽፋለሁ። ቆራጩ ከፍቶ ይለካና «እህቴ፣ ልክ ነው» ይላል። ይህን ሳይል ላሜራ አይነካም።

ምስል ለሚፈልግ ደንበኛ ፒኤንጂአውት አለ፤ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ያህል ጥራት ብቻ ነው የሚሰጠው። ፒዲኤፍ አውጥታችሁ እሱን ወደ ምስል ቀይሩት፣ ይሻላል። ለ3ዲ ማተሚያ ኤስቲኤልአውት ነው፤ የሚቀበለው ሶሊድ ወይም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሜሽ ብቻ ነው። ክቡ ማዕዘን ማዕዘን ከሆነባችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ፋሴትሬዝን ከፍ አድርጉ፤ እስከ 10 ይሄዳል።

ይህን ሁሉ በየቀኑ በእጅ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ኖትፓድ ላይ ኮማንዶቹንና መልሶቹን በየመስመሩ ጻፉና ነጥብ ኤስሲአር ብላችሁ አስቀምጡት። አውቶካድ ላይ ስክሪፕት ብላችሁ ፋይሉን ስትሰጡት ከላይ እስከ ታች ያስኬደዋል። ሕጉ አንድ ነው፣ ግን ጨካኝ ነው። ክፍት ቦታ ማለት ኤንተር ነው። ባዶ መስመርም ኤንተር ነው። መስመር መጨረሻ ላይ ሳይታወቅ የገባ ክፍት ቦታ የሚቀጥለውን መልስ ሁሉ በአንድ ያዛንፋል፤ የወረቀት መጠኑን ለሌይአውት ስም ይሰጥባችኋል። እንደ ማተሚያው ስም በውስጣቸው ክፍት ቦታ ያላቸው በጥቅስ ምልክት ይታጠሩ። የመጨረሻው መስመር ኋላ ኤንተር መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ስክሪፕቱ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ፋይልዲያ 0 አስገቡ።  መጨረሻ ላይ ፋይልዲያ 1። ለፋይልና ለፎልደር ስም የላቲን ፊደል ብቻ እጠቀማለሁ፣ በክፍት ቦታ ፋንታ የሥር ሰረዝ። የሚወጣበት ፎልደር ሁልጊዜ ባዶ ይሁን። ምክንያቱም ሴቭአዝ ያው ስም ያለው ፋይል ካገኘ «ልተካው ወይ» የሚል አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። እናንተ የዚያን ጥያቄ መልስ ስክሪፕቱ ውስጥ አልጻፋችሁትም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይፈርሳል።

ፋይሎቹ ብዙ ሲሆኑ አውቶካድን መክፈት ራሱ አያስፈልግም። ከ2013 ጀምሮ ከአውቶካድ ጋር አክኮርኮንሶል የሚባል መስኮት አልባ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል፤ አውቶካድ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከዊንዶውስ ኮማንድ መስኮት ትጠሩትና በ/አይ ሥዕሉን፣ በ/ኤስ ስክሪፕቱን ትሰጡታላችሁ። ፎር በሚለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ውስጥ ካስገባችሁት ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሥዕል ሁሉ በየተራ ያወጣል። ትዕዛዙን ባት ፋይል (የዊንዶውስ ትዕዛዞች ተጽፈው የሚቀመጡበት ፋይል) ውስጥ የምታስቀምጡት ከሆነ የፐርሰንቱ ምልክት ድርብ ይሁን፤ በቀጥታ መስኮቱ ላይ ከሆነ አንድ ይበቃል። መስኮት የሚከፍት ኮማንድ እዚያ አይሠራም፣ ለዚህም ነው ከመጀመሪያው በሰረዝ መልመድ የሚጠቅመው።

ለብዙ ፋይል አንድ ስክሪፕት ለመጠቀም ሁለት መልሶችን ባዶ ተዉ። የሌይአውቱን ስም ባዶ ካደረጋችሁት ፋይሉ ሲቀመጥ ተከፍቶ የነበረውን ሌይአውት ይወስዳል። የፒዲኤፉን ስም ባዶ ካደረጋችሁት የሥዕሉንና የሌይአውቱን ስም አጣምሮ ራሱ ይሰይማል። እኛ ቢሮ ማታ ሥራ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ፋይሉን የሚታተመው ሌይአውት ላይ ሆኖ ነው የሚዘጋው። ጠዋት ባት ፋይሉን እጫናለሁ፣ ቡናዬን ይዤ ስመለስ ፒዲኤፎቹ ተደርድረዋል። አንዱን ከፍቼ በስኬል መስመሩ እለካለሁ፣ አማርኛው መነበቡን አያለሁ፣ ከዚያ ወደ ፕሪንት ቤት ይሄዳል።